የሙከራ ጠብታ

ልብስ ሰፊው የሰው ጨርቅ ዘው አድርጎ መርፌ ስር አያስገባም። በፊት ብጣሽ ይፈልጋል። እግሩ ስር ካለው ዘንቢል እጁ የገባችውን ቁራጭ ያነሳል፣ እጥፍ ያደርጋታል፣ መርፌው ስር ያስገባትና መርገጫውን ረገጥ ረገጥ ያደርጋል። ክሩ ከላላ ያጠብቃል፤ ከጠበቀ ያላላል። ስፌቱ ሲስተካከልለት ብጣሿን ወደ ዘንቢሉ ይወረውራትና ያኔ ወደ ሥራው ይገባል። ብጣሿ ላይ ስፌቱ ተንጋደደ፣ ክሩ ተቋጠረ፣ ማን ከቁብ ይቆጥረዋል? ብጣሽ ናት። ሙያውን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነበር። እሱም፣ "የስፌት መኪና ሲነቃ ይቃዣል፤ መጀመሪያ የሠራውን አትመንበት" ይለው ነበር። ወንድምየው ከሞተ ቆይቷል። ለሰው ካፖርት እየለካ ሳለ ነው ልቡ ቀጥ ያለችው።

ሰፈሩ ሰውየውን ጋሽ ሜትሩ ይለዋል። መለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድማ። አንድ ጊዜ ሳያወልቀው ቀብር ሄዶ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ጆሮው ስር ተጠግቶ፣ "ጋሼ፣ በሞቴ እሱን ደብቀው፤ ቀጣዩን ሰው ልትለካ የመጣህ ነው የሚመስለው" ብሎት፣ ሁለቱም ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው በሰው ፊት አፍረዋል።

ሚስቱን ሁሉም እታለም ነው የሚላት። በዕድሜ የሚበልጧት እንኳ እታለም ይሏታል፤ እንዲያው ፊቷ እህት እህት የሚል ሆኖ ነው። ሱቃቸው አንድ ክፍል ነው። ከበስተኋላ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ መኖሪያቸው። እሱ ብርሃን እንዲበቃው በሩ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ይሰፋል። እሷ ከኋላው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትዘመዝማለች፣ ትተኩሳለች። እንዲህ ጀርባና ጀርባ ሆነው ነው ልጅ ያሳደጉት። ፊቷን ከሚያይበት ጊዜ ይልቅ ድምፅዋን የሚሰማበት ይበልጣል። ካውያውን ስታስቀምጥ ጧ ይላል። ክር በጥርሷ ስትበጥስ ጥስ ይላል። ዝም ካለች ቁልፍ እየተከለች ነው። መርፌ ሲወጋት ደግሞ "እሰይ!" ትላለች።

"ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ የተወጋ ሰው እሰይ ይላል እንዴ?" ይላታል ዞር ሳይል።

"ታዲያ መርፌዬን ልርገማት? ነገም እንጀራዬ እሷው ናት።"

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ጋሽ ሜትሩ የጨርቅ ጥቅል ተሸክሞ ሲመለስ ደረቱን ጭምድድ አድርጎ የያዘው ቀን ነው። ጥቅሉን መንገድ ዳር አስቀምጦ ላቡ እስኪደርቅ ተቀመጠ። እታለም ስትሰማ ሌላ ነገር አልጠየቀችም፤ በማግስቱ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ደም ተቀዳ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና፣ "ኮሌስትሮልዎ ከፍ ብሏል" አለችው። መድኃኒት አዘዘችለት። ስብና ቅባት ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ በየጊዜው ይለኩ፣ ብዙ ነገር አለችው። ጋሽ ሜትሩ ከዚያ ሁሉ የገባው አንድ ነገር ነው፤ የወንድሙ ሞት እሱም ቤት መጥቶ በር ላይ ቆሟል።

እታለም ግን ሁሉንም አንድ በአንድ ሰምታለች። ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ ሳይርቁ ክንዱን ያዘችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ። ወንድምህን ተከትለህ ጥለኸኝ የምትሄድ እንዳይመስልህ። አልለቅህም!"

"እኔ ምን አልኩ?"

"ምንም አላልክም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእታለም ሌላ ሥራ እሱን በሕይወት ማቆየት ሆነ። ሥጋ ስትሠራ ስቡን በቢላ እየለየች ቀዩን ለሱ ታቀርባለች። ስቡን ግን መጣል አይሆንላትም። እሷ እንደሆነች ብጣሽ እንኳ የማትጥል ሴት ናት፤ የዘንቢሉን ቁርጥራጭ ሰብስባ ትራስ ትሞላበታለች። እና ስቡን እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆማ ራሷ ትበላዋለች። እንቁላል ሲሆን ነጩ የሱ ነው፣ አስኳሉ የሷ። ከሾርባው ላይ የሰፈፈውን ቅባት በማንኪያ ገፈፍ ገፈፍ አድርጋ ወደ ራሷ ሳህን ትገለብጠዋለች።

"አንቺስ?" ይላታል፣ የሷን ሳህን በቅናት እያየ።

"እኔ ምን እሆናለሁ? የታመምከው አንተ።"

"እስኪ አንዲት ጉርሻ።"

"አፍህን ዝጋ። ጣዕሙን እኔ እነግርሃለሁ" ትለውና እያላመጠች፣ "እም፣ ምንም አይልም፣ ውሃ ውሃ ይላል" ትለዋለች። ከንፈሯ በቅባት እያብለጨለጨ። ሁለቱም ይስቃሉ።

ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው። ለመለካት ብሎ መሄድ ቀኑን ሙሉ ሱቅ መዝጋት ነው። ይህን ያወቀች ልጃቸው፣ ሌላ ከተማ ስልክ መሸጫ ሱቅ ውስጥ የምትሠራው፣ ስትመጣ ትንሽ መለኪያ ይዛላቸው መጣች። ከመዳፍ አትበልጥም። አንድ ጫፏ ላይ ቀጭን ወረቀት ይሰካል፤ ጣት ወግተው ደም ጠብ ሲያደርጉባት ትንሽ ታስብና ቁጥር ታወጣለች።

ልጅቷ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አሳየቻቸው። "እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በደንብ አድርቁ። የምትወጉት ጫፉን ሳይሆን ጎኑን ነው። መጀመሪያ የምትወጣዋን ጠብታ በጥጥ ጥረጓት፤ ሁለተኛዋን ነው ወረቀቷ የምትጠጣው። ከሁለት መቶ በላይ ካለ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ወዲያው ትደውሉልኛላችሁ፣ እሺ?"

"መጀመሪያዋን ጣሏት ነው የምትይው?" አለ ጋሽ ሜትሩ። ፊቱ በራ። የማያውቀው ዕቃ ድንገት ዘመድ ሆነበት። "አየሽ እታለም፣ ይቺም መኪና ብጣሽ ትፈልጋለች!"

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። "አዎ አባዬ፣ እንደሱ በለው።"

ልጅቷ እስካለች ድረስ እሷ ለካችው፤ ችግር አልነበረም። ከሄደች በኋላ ነው ሁለቱ ብቻቸውን አንድ ጠዋት ሳይበሉ ሳይጠጡ መለኪያዋን መሃል አስቀምጠው የተፋጠጡት። ዕድሜውን ከመርፌ ጋር የኖረ ሰው መርፌ ፈራ ቢባል ማን ያምናል? ጋሽ ሜትሩ ግን ፈራ። መርፌዋን አይደለም፤ ቁጥሩን ነው። እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

"በል ወዲያ፣ በፊት እኔ ላይ ሞክራት" አለች እታለምና ጣቷን ዘረጋች። "ይኸው ብጣሽ!"

ወጋት። "እሰይ!" አለች። ወረቀቷ ደሙን ጠጣች። መለኪያዋ አሰበች፣ አሰበችና ሁለት መቶ ሰባ ስምንት አለች።

ሁለቱም ቁጥሩን አዩት፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

"ምነው?" አለች እታለም።

ጋሽ ሜትሩ መለኪያዋን አንስቶ በጆሮው አጠገብ ነቅነቅ አደረጋት፣ የተንጓጓ ነገር ካለ ብሎ። "ገና አልነቃችም" አለ። "ስትነቃ መቃዠቷ ነው። መጀመሪያ የሠራችውን መች ያምኑታል?"

"ልጅቷም ብላለች፤ መጀመሪያዋን ጣሏት ብላለች።"

"ብላለች።"

ወረቀቷን ነቅላ ዘንቢሉ ውስጥ ጣለቻት። አዲስ ተሰካ። የሱ ጣት ደረቅ ነው፣ ደሙ እስኪወጣ ሁለቴ ተወጋ። ቁጥሩ መጣ፤ ሁለት መቶ አስራ ሁለት። ከሁለት መቶ ቢያልፍም፣ ሐኪም ቤት ከተባለው ወረድ ያለ ነው። እታለም ትንፋሿን ለቀቀች። እሱም እንደ ባለሙያ ራሱን ነቀነቀ። "አየሽ፣ ረጋች" አለ።

በቃ፣ የቤቱ ደንብ ሆነ። መለኪያ በወጣ ቁጥር በፊት የእታለም ጣት፣ ቀጥሎ የሱ። የሷ ቁጥር ሁልጊዜ ከፍ ይላል፤ የሱ ሁልጊዜ ከሷ ያንሳል። ይህም ለጋሽ ሜትሩ ነገሩን ይበልጥ አረጋገጠለት፤ መኪናዋ ስትነሳ ከፍ ትላለች፣ ከዚያ ትረጋለች። አንዳንዴ ቁጥሩ ሲያሻቅብ፣ "ዛሬስ ክፉኛ ቃዠች፣ ማታ ምን በልታ ነው?" ይላል። እታለም ሳቋን መቆጣጠር ያቅታታል።

አንድ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ የተቀደደ ሽርጡን ሊያሰፋ ገብቶ እዚሁ ላይ ደረሰባቸው። በእታለም ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ቁጥሩን አነበበ።

"ሁለት መቶ ዘጠና አንድ! ይሄ የሰው ደም ነው የመኪና ታርጋ?"

"ተወው፣ እሱ አይቆጠርም" አለ ጋሽ ሜትሩ።

"እንዴት አይቆጠርም?"

"እኔ ብጣሹ ነኝ" አለች እታለም፣ ጥጡን ጣቷ ላይ ተጭና።

ጋሽ ሜትሩ አስረዳው። መኪና ሲነቃ እንዴት እንደሚቃዥ፣ የመጀመሪያው ስፌት ለምን እንደማይታመን፣ ልጅቷም መጀመሪያዋን ጣሏት ማለቷን። ፀጉር አስተካካዩ እየሰማ ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀ።

"ልክ ነዋ! እኔስ አዲስ ምላጭ በፊት በራሴ ክንድ አይደል የምሞክረው?" ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። እውነትም ግራ ክንዱ እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ያለ፣ አንድም ፀጉር የሌለበት ነው። "የሰው ፊት ላይ ቀጥታ የሚሄድ ምን ዓይነት ባለሙያ ነው?"

ሦስቱም እጃቸውን አሠርተው የሚያድሩ ናቸው፤ ሦስቱም በአንድ ቃል ተስማሙ። ሽርጡ ተሰፋ፣ ሰውየውም ሄደ።

ልጃቸው ግን በስልክ ግራ ተጋብታ ነበር። "አባዬ፣ ባለፈው የላክሁት ወረቀት አለቀ ነው የምትለኝ? ምን ሆነ? ትበሉታላችሁ እንዴ?"

እታለም ከኋላ ሆና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ለሙከራ ማባከናቸውን ከሰማች ትቆጣናለች ብላ ነው። ጋሽ ሜትሩም፣ "እጄ ደረቅ ሆነብን ልጄ፤ አንዳንዱ ይበላሻል" አለ። ሙሉ ውሸት አልነበረም። ልጅቷም፣ "እሺ፣ ሌላ እልካለሁ፤ አንተ ብቻ መለካቱን እንዳትተው" አለችና ዘጋች።

መድኃኒቱም፣ ምግቡም፣ የእግር ጉዞውም ሠራ። የሱ ቁጥር ቀስ እያለ ወረደና አንድ ጠዋት መቶ ሰማንያ አራት ላይ ቆመ። እታለም መለኪያዋን ከእጁ ነጥቃ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ሮጠች። አንዴ አየች፣ ደገመች።

"ወረደ! ወረደልኝ!" አለችና ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ያገኘችውን ሳመችው። "አላልኩህም? አልለቅህም አላልኩም?"

እንዲያ በቅርብ፣ በብርሃን፣ ፊት ለፊት ከተያዩ ዘመን ሆኗቸው ነበር። ጋሽ ሜትሩ ያኔ አንድ ነገር አየ። በሁለቱ ዓይኖቿ ቆብ ላይ፣ ወደ አፍንጫዋ በኩል፣ ትንንሽ ቢጫ ነገር ጠብ ጠብ ብሎባታል። የጨርቅ ማስመሪያ ሳሙና መስሎት በአውራ ጣቱ ጠረግ አደረገው። አልለቀቀም።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የእርጅና ጌጥ ነው፣ ተወው። አያም፣ አይበላ።"

"መች ወጣብሽ?"

"ቆይቷል እኮ! አንተ መች ዞር ብለህ አይተኸኝ ታውቃለህ?" አለችው እየሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ እሱ ወደ መኪናው፣ እሷ ወደ ካውያው ተመለሱ።

የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወቅት ገባ። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። ሱቁ ከወለል እስከ ወገብ በሰማያዊ ጨርቅ ተሞላ። እሱ ይሰፋል፣ እሷ ትተኩሳለች፣ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይገባሉ፣ "ትንሽ ረዘም ይበል፣ ለከርሞም እንዲሆነው" ይላሉ። በዚያ ሰሞን እታለም ቶሎ ቶሎ ይደክማት ጀመር። ካውያውን ከማንሳቷ በፊት ጠረጴዛውን ተደግፋ ትቆማለች። ግራ እጇን ታሻለች።

"ምነው?" ይላል ከፊት።

"ካውያው ከበደኝ። ሰይጣን የጫነኝ ነው የሚመስለው።"

ሌላ ቀን መንጋጋዋን ይዛ ዋለች። ጥርሴ ነው አለች። ጋሽ ሜትሩም፣ "ነገ ሐኪም ቤት ሄደሽ ታዪ" አላት።

"ዩኒፎርሙ ይለቅና። ልጅቷም ስትመጣ ትወስደኛለች። ሰው በአንድ ጥርስ ይሞታል?"

እሱም ጥርስ ነው ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። የታመመው እሱ ነው። በዚያ ቤት አንድ ሕመምተኛ ነው ያለው፤ ሁሉም የሚያውቀው እሱን ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሜትሩ ኮሌታ እየገጠመ ነበር። ከኋላው ካውያው ጧ አለ። ከዚያ ጸጥ አለ። መንገድ ላይ ልጆች ይጮሃሉ፣ ከማዶ የፀጉር ማሽኑ ያንዛርራል። ጸጥታውን ሰማው፤ ቁልፍ ልትተክል ተቀመጠች አለ በልቡ። ኮሌታውን ጨርሶ ሌላ ያዘ። "እታለም፣ የትናንቱን ሸሚዝ ቁልፍ ጨረስሽው?" አለ። መልስ የለም። ክር ጥርሷ ውስጥ ይዛ ይሆናል ብሎ መርገጫውን ረገጠ። መርፌው ኮሌታውን ዞሮ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ነው ያረረ ጨርቅ የሸተተው።

ዞረ።

ካውያው አንዲት ትንሽ እጅጌ ላይ ተኝቷል፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እታለም ጠረጴዛውና ግድግዳው መሃል፣ ዩኒፎርም ክምሩ ላይ ጋደም ብላለች። ዓይኗ ክፍት ነው። ጋሽ ሜትሩ የጠራት መሰለው፤ ድምፁ ግን አልወጣም። የጮኸው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ጭሱን አይቶ ሰው ፀጉሩን ግማሽ ተላጭቶ እንደተቀመጠ ጥሎት የመጣው።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ አልቋል። ያቺው ሐኪም ነበረች። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ልባቸው ነው" አለችው። "ቀድሞ የተሰማቸው ነገር ነበር?"

"ጥርሷን" አለ። "ካውያውም ከብዷት ነበር።"

"ኮሌስትሮላቸው ተለክቶ ያውቃል?"

"የሷ?" ጋሽ ሜትሩ ጥያቄው ራሱ ገረመው። "የለም። የታመምኩት እኔ ነኝ። የሚለካው የኔ ነው።"

"ዓይናቸው ቆብ ላይ ያለችው ቢጫ ነገር፣ አንዳንዴ ደም ውስጥ ስብ ሲበዛ የምትወጣ ናት" አለች ቀስ ብላ። "ኮሌስትሮል ራሱ አያምም፣ ድምፅ የለውም። አንዳንዱም ከዘር ይመጣል። ዛሬ እንዲህ ማለቴ ለርስዎ ምንም አያደርግልዎትም፣ አዝናለሁ።"

ጋሽ ሜትሩ ራሱን ነቀነቀ። ቃሉ ጆሮው ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አልገባም።

ልጅቷ መጣች። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ በየቀኑ እየመጣ በሩ አጠገብ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የሚቀልድበት አፉ ተለጉሟል። ጋሽ ሜትሩ ያረረችውን እጅጌ አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከቷታል፤ ለምን እንደሆነ አያውቀውም። ሜትሩ እንደ ወትሮው አንገቱ ላይ አለ። ሰው ሲናገረው ዘግይቶ ይሰማል። ከኋላው ድምፅ ያዳምጣል።

ቤቱ ጭር ሲል ልጅቷ አንድ ጠዋት መድኃኒቱን አመጣችለት። ቀጥላም መለኪያዋን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"አባዬ፣ እንለካ። ምግብ አልቀመስክም አይደል?"

ተቀመጠ። እጁን ታጠበ፣ አደረቀ። ዓይኑ ግን ወደ መጋረጃው ሄደ።

"ብጣሹስ?" አለ።

"የምን ብጣሽ?"

ልጅቷ ጣቱን ወጋችው፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ ጠረገች፣ ሁለተኛዋን ለወረቀቷ ሰጠች። ቁጥሩ ወጣ፤ መቶ ሰባ ዘጠኝ።

"ተመስገን!" አለች ልጅቷ። "ጥሩ ነው።"

"ይሄ አይቆጠርም" አለ ጋሽ ሜትሩ። "ይሄ መቀስቀሻው ነው። ቀጣዩ ነው እውነተኛው።"

"አባዬ፣ የምን መቀስቀሻ?"

"መጀመሪያ ስትነቃ ከፍ ትላለች፣ ኋላ ነው የምትረጋው።" መለኪያዋን አትኩሮ አያት። "ዛሬ ግን ከፍ አላለችም። ድገሚልኝ እስኪ።"

ልጅቷ ደገመችለት። መቶ ሰማንያ አንድ።

"ለምን አልቃዠችም?" አለ። ድምፁ ተሰበረ። መለኪያዋን አንስቶ እንደ በፊቱ ጆሮው አጠገብ ነቅነቅ አደረጋት።

"አባዬ" አለች ልጅቷ፣ ቀስ ብላ። "በፊት ስትለኩ መጀመሪያ የማንን ጣት ነበር?"

"የእናትሽን።"

"ስንት ይል ነበር?"

"ሁለት መቶ ሰባ… ሁለት መቶ ዘጠና። አንዴ ሦስት መቶም አልፏል።" ምራቁን ዋጠ። "መኪናዋ ናት ብለን… ስቀን ነበር። ወረቀቱን እየነቀለች ዘንቢል ውስጥ ትጥለው ነበር። በራሷ እጅ።"

ልጅቷ ጥጡን በጣቶቿ መሃል እያድበለበለች ታጠብቀዋለች።

"እኔም ስቄ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ብጣሽ ስትል። አዎ፣ እንደሱ በለው አልኩህ። እኔ ያልኩት የዚያኑ ሰው፣ የዚያኑ ጣት መጀመሪያ ጠብታ ነበር፤ የገባችሁ መስሎኝ… ወረቀቱ ሲያልቅባችሁ እንኳ ምነው ብዬ አልመጣሁም።" መጨረስ አልቻለችም። ተነስታ ወደ መጋረጃው ጓዳ ገባች።

ጋሽ ሜትሩ ባለበት ቀረ። ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጥቶ፣ እንደ ልማዱ፣ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ ሰማ። ልጅቷ ድምፅዋን ትራስ ውስጥ አፍና ታለቅሳለች። ትራሱን ያውቀዋል፤ እታለም ከብጣሽ የሞላችው ነው። የወንድሙ ሞት በሩ ላይ ቆሟል ብሎ ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ጠበቀ። ሞት ግን ከኋላው ገብቶ፣ ከሷ ጋር ካውያ ሲተኩስ፣ ስብ ሲበላ፣ በየጠዋቱ ስሙን በቁጥር ሲናገር ኖሯል። ማንም አልሰማውም። ጋሽ ሜትሩ ራሱ ነው አትስሚው ያላት።

ልቅሶው ሲረግብ ሌላ ነገር መጣበት። ሐኪሟ ከዘር ይመጣል ያለችው፣ ያን ቀን ጆሮው ላይ ቆሞ የቀረው ቃል፣ አሁን ነው ወደ ውስጥ የገባው። ልጅቷ የእናቷ ቁራጭ ናት። ፊቷ፣ አረማመዷ፣ መርፌ ሲወጋት የምትለው እንኳ።

ተነስቶ እጁን በሳሙና ታጠበ። መጋረጃውን ገለጠ።

"ነይ ልጄ፣ እጅሽን ስጪኝ።"

"ተወኝ አባዬ፣ እኔ ደህና ነኝ።"

"እናትሽም ደህና ነበረች።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ተነስታ መጣችና ጣቷን ዘረጋችለት። ሲወጋት "እሰይ" አላለችም፤ ከንፈሯን ነከሰች። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠረገ። ሁለተኛዋን ወረቀቷ ጠጣች። መለኪያዋ አሰበች። ሁለት መቶ አርባ ሦስት።

"ማታ ብዙ ስላለቀስኩ ይሆናል" አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ። "ወይ ማሽኗ ሁለቴ ስለሠራች…"

"አይደለም" አለ ጋሽ ሜትሩ። "ነቅታለች።"

ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ መኪናው ላይ አንጠለጠለው። ኮቱን ለበሰ። ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ሱቁን ዘግተው ወጡ። ፀጉር አስተካካዩ ከማዶ ሆኖ ሜትር የሌለበትን አንገት አይቶ ከወንበሩ ተነሳ።

ሐኪም ቤት ደም ቀጂው ሁለቱን አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸው። ወረቀቱን እያየ፣ "ማን ይቅደም?" አለ።

"እሷ ትቅደም" አለ ጋሽ ሜትሩ። ከዚያ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ሰውየው ልጅቷን ይዞ ሊሄድ ሲል እጅጌውን ያዘው። "የሷን ጻፈው፣ ልጄ። የመጀመሪያውን። እባክህ እንዳትጥለው።"